ጠቢብ ወይስ ሰነፍ? የመጽሐፍ ቅዱስ እውቀታችንን ራሳችን የምንፈትንበት መንገድ

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ጥያቄና መልስ ስንጫወት ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። «ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያሰበውን ባለጠጋ እግዚአብሔር ምን ብሎ ጠራው?» ሁላችንም በአንድ ድምፅ መለስን፤ «አንተ ሰነፍ!» ልክ ነው፤ ሉቃስ 12፥20። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልናልፍ ስንል የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን እጇን አወጣች። «ግን አባዬ፣ ሰውዬው እኮ ሰነፍ አይደለም። እርሻው ብዙ አፍርቷል። ጎተራም ሊሠራ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ነው እኮ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቅሱን ከነቁጥሩ የምናውቅ ትልልቅ ሰዎች ነን፤ ግን ለልጅቷ የሚሆን መልስ አንዳችንም አፍ ላይ አልነበረም። ነጥቡን አግኝተናል፤ ትርጉሙን ግን አልያዝነውም።

ከዚያ ማታ በኋላ ራሴን የምፈትንበትን መንገድ ቀየርኩ። የሚከተለው መመሪያ ከዚያ የመጣ ነው። ለብቻ፣ ለቤተሰብ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለጥናት ቡድን ይሆናል። የሚያስፈልገው መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ደብተር፣ እርሳስና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

1. ከጥያቄው በፊት ቃላቱን አጥሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ባዶ ወረቀት ውሰዱ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሳትከፍቱ እነዚህን ቃላት ወደ ታች ጻፉ፦ ጠቢብ፣ ልባም፣ አላዋቂ፣ ሰነፍ፣ ፌዘኛ፣ ታካች። በየቃሉ ፊት በራሳችሁ አባባል ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አብዛኞቻችን «ሰነፍ» የሚለው ላይ እንሳሳታለን። በዛሬው አነጋገራችን ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ ወይም በትምህርቱ ደካማ የሆነ ሰው ነው። ብዙዎቻችን ያደግንበት የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ግን ቃሉን የጥበብ ተቃራኒ አድርጎ ይጠቀምበታል። ሥራ ጠሉን ሰው «ታካች» ይለዋል። «አንተ ታካች፣ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» የሚለውን ምሳሌ 6፥6 አስታውሱ። አዳዲሶቹ ትርጉሞች ደግሞ ለሰነፍ ተላላ፣ ሞኝ ወይም ቂል የሚሉ ቃላትን ያስገባሉ።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ምሳሌ 26ን ክፈቱ። ከቁጥር 1 እስከ 12 ከአንድ ቁጥር በቀር የሚወራው ስለ ሰነፍ ነው። ከ13 እስከ 16 ደግሞ ስለ ታካች። አንበሳ በመንገድ አለ ብሎ ከቤት የማይወጣው፣ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በአልጋው ላይ የሚገላበጠው፣ እጁን ወደ አፉ መመለስ የሚታክተው ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ለየብቻም ተስለዋል።

ይህ ሲገባን ብዙ ጥቅስ መልኩን ይቀይራል። በአሸዋ ላይ ቤት የሠራው ሰው «ሰነፍ» ተባለ እንጂ ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል፤ ላቡን አፍስሷል። ምሳሌ 14፥1 ሰነፍ ሴት ቤቷን በእጇ ታፈርሳለች ይላል። ይህን ጥቅስ ሰርግ ላይ «ሙሽሪት ሆይ፣ ቤትሽን አጽጂ፣ አትተኚ» በሚል ስሜት ሲነገር ስንቴ ሰምተናል! ታካች ሴት ቤት አታፈርስም፤ ዝም ብላ ትተወዋለች። በእጅ ማፍረስ ጉልበት ይጠይቃል። ጥቅሱ የሚናገረው በቃሏ፣ በውሳኔዋ፣ በቁጣዋ የገዛ ቤቷን ስለምትንድ ሰው ነው። ለሙሽራውም እኩል ይሠራል።

ታዲያ ሰነፍ ማን ነው? መጽሐፈ ምሳሌ ራሱ ይመልሳል። ምክር የማይሰማ (12፥15)። ተግሣጽን የሚንቅ (1፥7)። ከማስተዋል ይልቅ የልቡን መናገር የሚወድ (18፥2)። ቁጣውን ሁሉ የሚያወጣ (29፥11)። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ትምህርት ደረጃ የሚናገር አንድም የለም። ሰነፍ ያላወቀ ሰው አይደለም፤ እንዲታረም የማይፈልግ ሰው ነው።

አላዋቂው ከእሱ ይለያል። ገና ልጅ እግር ነው፤ ወዲህም ወዲያም ሊሄድ ይችላል፤ የተነገረውን ሁሉ ያምናል (14፥15)። ፌዘኛው ደግሞ ከሰነፍም ያለፈ ነው፤ በእርማቱ ይሳለቃል፣ የሚገሥጸውን ይጠላል (9፥8)። ምሳሌ 1፥22 ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። እስከ መቼ? ብሎ ነው የሚጠይቃቸው። እኔ ይህን እንደ ቁልቁለት መንገድ ነው የማየው፤ አላዋቂው ካልተማረ ሰነፍ ይሆናል፤ ሰነፉ ካልተመለሰ ፌዘኛ ይሆናል።

አሁን ወረቀታችሁን አርሙ። ስንት ቃል ልክ ነበር? ቁጥሩን ከላይ ጻፉት።

2. ድንበሩን ወስኑ

ከየትኞቹ መጻሕፍት እንደምትጠያየቁ ካልተስማማችሁ መሃል ላይ ክርክር ይነሣል። ለጀማሪ መጽሐፈ ምሳሌ (31 ምዕራፍ)፣ መክብብ (12 ምዕራፍ) እና የያዕቆብ መልእክት (5 ምዕራፍ) ይበቃሉ። ሦስቱን ከጨረሳችሁ ኢዮብንና የመዝሙር የተወሰኑ ምዕራፎችን ጨምሩ።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከሆናችሁ መጽሐፈ ሲራክና መጽሐፈ ጥበብ ከ81ዱ ውስጥ ስላሉ ሰፊ ሀብት አላችሁ። በዚሁ ቆጠራ ምሳሌ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ከ25 እስከ 31 ያለው «ተግሣጽ» ተብሎ ይጠራል። ቡድናችሁ ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን የተሰባሰበ ከሆነ የጋራ በሆኑት መጻሕፍት ጀምሩ። የመዝሙር ቁጥርም ይለያያል። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለው በአንዱ መዝሙር 13፣ በሌላው 14 ነው። ሁለቱም ልክ ነው። በቁጥር ምክንያት ማንም ነጥብ አይጣል።

3. ለፈተና አንብቡ

ለማረፍ ማንበብና ለፈተና ማንበብ ይለያያሉ። ምሳሌ ከ1 እስከ 9 ያለው ረጃጅም ምክር ነው፤ አባት ልጁን አስቀምጦ እንደሚያወራ። እሱን በሁለት በሦስት ቀን በአንድ ትንፋሽ አንብቡት። ከ10 ጀምሮ ግን አጫጭር ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። እነዚህን በብዛት ማንበብ አይጠቅምም፤ አምስተኛው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጠፍቷል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። አንድ ጠንከር ያለ ወረቀት በገጹ ላይ አስቀምጣለሁ። የጥቅሱን የመጀመሪያ ግማሽ አነብና ሁለተኛውን ሸፍኜ ራሴ እሞላለሁ። «ጠቢብ ልጅ አባቱን ደስ ያሰኛል፤ ሰነፍ ልጅ ግን…» ምን? ብዙ ሰው «አባቱን ያሳዝናል» ይላል። መጽሐፉ ግን ለእናቱ ኀዘን ነው ይላል (10፥1)። «ሰነፍ ሰው ቁጣውን ሁሉ ያወጣል፤ ጠቢብ ግን…» በውስጡ ያስቀረዋል (29፥11)። ያላገኛችሁት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ነጥብ የበዛበት ምዕራፍ የፈተናችሁ ምንጭ ይሆናል።

ከ10 ጀምሮ በቀን አንድ ምዕራፍ ካነበባችሁ ምሳሌን በአንድ ወር ውስጥ ትጨርሳላችሁ። አትቸኩሉ።

4. ጥያቄዎቹን ራሳችሁ አውጡ

የተዘጋጀ ጥያቄ ከኢንተርኔት መገልበጥ ይቀላል፤ ግን ግማሹን ትምህርት ያስቀራል። ጥያቄ ማውጣት ራሱ ማጥናት ነው። ሦስት ዓይነት ጥያቄ ቀላቅሉ፤ የትውስታ፣ የታሪክ እና የኑሮ።

*የትውስታ ጥያቄ* ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ብቻ «ስንት» እና «ማን» በሚሉት አትሙሉት። ሰሎሞን ስንት ምሳሌ ተናገረ? (ሦስት ሺህ፤ መኃልዩም ሺህ አምስት፤ 1ኛ ነገሥት 4፥32።) በምሳሌ 30 ትናንሽ ሆነው እጅግ ጠቢባን የተባሉት አራቱ እነማን ናቸው? (ጉንዳን፣ ሽኮኮ፣ አንበጣ፣ እንሽላሊት።) ሁለት ሦስት እንደዚህ ዓይነት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ መለያ ጨዋታ ጨምሩ። «የመጽሐፍ ነው ወይስ የአባቶች?» በሉት። እነዚህን አንብቡና ለዩ፦

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።»
«ብረት ብረትን ይስለዋል።»
«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»
«ሰነፍን በሙቀጫ በዘነዘና ብትወቅጠው ስንፍናው አይለቀውም።»
«ራሱን የሚረዳውን እግዚአብሔር ይረዳዋል።»

አንደኛውና ሦስተኛው የራሳችን ተረትና ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው ምሳሌ 27፥17 ነው። አራተኛውን ብዙዎች «የሐበሻ ነው» ብለው ይምላሉ፤ ሙቀጫና ዘነዘናው ከእናቶቻችን ጓዳ የወጣ ይመስላላ። ሐሳቡ ግን ከምሳሌ 27፥22 ነው። አንድ ቀን እናቴ በርበሬ ስትወቅጥ ይህን ጥቅስ አነበብኩላት። ዘነዘናውን አቁማ «በርበሬው እንኳ ይልማል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሱን ረስቼው አላውቅም። አምስተኛው የትም የለም። የመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም።

*የታሪክ ጥያቄ* ጥበብንና ስንፍናን በሰው ላይ ያሳያል። አራት ልስጣችሁ።

ናባል። 1ኛ ሳሙኤል 25። ሦስት ሺህ በግና አንድ ሺህ ፍየል ያለው ሰው ነው። ዳዊት ዐሥር ጎልማሶች ልኮ በሰላም ምግብ ጠየቀው፤ እሱ ሰድቦ መለሳቸው። ዳዊት አራት መቶ ሰው ሰይፍ አስታጥቆ ተነሣ። የናባል ሚስት አቢግያ ስንቁን በአህያ ጭና ቀድማ ደረሰችና ደም እንዳይፈስ አደረገች። ጥያቄው «አቢግያ ምን ይዛ ሄደች?» ከሆነ ትውስታ ነው። «ከናባል አገልጋዮች አንዱ ነገሩን ለጌታው ሳይሆን ለእመቤቱ የነገረው ለምንድን ነው?» ካላችሁ ግን ልብ ይደርሳል። መልሱ ቁጥር 17 ላይ አለ፤ ጌታቸው ክፉ ስለሆነ ማንም ሊናገረው አይችልም። የሰነፍ ትልቁ ምልክት ይኸው ነው። በዙሪያው ያለ ሰው እውነቱን መንገር ያቆማል። የራሱ ስም በዕብራይስጥ ሰነፍ ማለት መሆኑንም አቢግያ ራሷ ትናገራለች።

ሮብዓም። 1ኛ ነገሥት 12፤ አንዳንድ እትም 3ኛ ነገሥት ይለዋል። ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልላቸው ጠየቁት። ሦስት ቀን ስጡኝ አለ። ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፣ ከዚያም አብሮ አደጎቹን። ጥሩው ጥያቄ «ሮብዓም ምክር አልጠየቀም፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ነው። ሐሰት! ሁለት ጊዜ ጠይቋል። የሚፈልገውን እስኪሰማ ድረስ ጠየቀ። ውጤቱ ዐሥሩ ነገድ መገንጠል ሆነ። «እኔ ሰው ሳላማክር አልወስንም» ለምንል ሰዎች ይህ ታሪክ ከባድ ነው።

ዐሥሩ ቆነጃጅት። ማቴዎስ 25። «ከዐሥሩ የተኙት እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። አምስቱ ሰነፎች የሚል መልስ ይጎርፍላችኋል። ሁሉም ተኝተዋል! ልባሞቹም አንቀላፍተዋል። ልዩነቱ ዘይቱ ላይ ነው፤ አምስቱ አስቀድመው ይዘዋል፣ አምስቱ አልያዙም። ይህም ወደ መጀመሪያው ነጥባችን ይመልሰናል፤ ስንፍና ማለት እንቅልፍ አይደለም።

አራተኛው ኢዮናዳብ ነው፤ 2ኛ ሳሙኤል 13። መጽሐፉ እጅግ ብልህ ይለዋል። ብልሃቱን ግን ያዋለው አምኖን እኅቱን ትዕማርን የሚያጠምድበትን ዘዴ ለመምከር ነው። «ብልህ ሁሉ ጠቢብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁበትና ያዕቆብ 3፥13-18ን አብራችሁ አንብቡ። ያዕቆብ ሁለት ጥበብ አለ ይላል። ከላይ የሚመጣው ንጹሕ፣ ታራቂ፣ ገር፣ ምሕረት የሞላበት ነው። ሌላኛው ቅናትና አድመኛነት ያለበት ነው።

*የኑሮ ጥያቄ* ደግሞ ከትናንት ውሏችሁ ይወጣል። አንድ ሁኔታ ጻፉ፤ መልሱ ጥቅስ ይሁን። ለምሳሌ፦ ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ተጣሉ። ታላቁ ደውሎ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳችሁ። እውነቱ ከእሱ ጋር መሆኑን አመናችሁ። የትኛው ጥቅስ ይይዛችኋል? ምሳሌ 18፥17፤ ቀድሞ የተናገረ ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ። ሌላ፦ ቴሌግራም ላይ አስደንጋጭ ወሬ መጣላችሁ፤ ሳታጣሩ ለሃያ ሰው ላካችሁ። 14፥15። ሌላ፦ የአጎት ልጅ ባንክ ዋስ ሁኑኝ አላችሁ፤ ደመወዛችሁ ግን አይችልም። 6፥1-5።

የኑሮ ጥያቄዎች ንግሥት ግን ምሳሌ 26፥4 እና 5 ናቸው። ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት፣ አንተም እሱን እንዳትመስል ይላል። ቁጥር 5 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት፣ ጠቢብ የሆነ እንዳይመስለው ይላል። ጎን ለጎን ናቸው! እርስ በርሱ ይጋጫል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሁለቱም ምክንያታቸውን ይዘው መጥተዋል። አንዱ ስለ እኔ ይጨነቃል፤ ሌላው ስለ እሱ። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ አቅርቡት፦ «በቢሮ ሰው ሁሉ ፊት በእምነታችሁ የሚቀልድ ሰው አለ። ዛሬ ቁጥር 4ን ነው ወይስ ቁጥር 5ን የምትሠሩበት? ለምን?» ሁለቱም መልስ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ምክንያቱን ያልተናገረ ግን ምንም አያገኝም። ጥበብ ትክክለኛውን ቃል በትክክለኛው ሰዓት ማግኘት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ጥያቄ አላገኘሁም።

5. ፈተናው ላይ ተቀመጡ

ሃያ ጥያቄ፣ አርባ ደቂቃ። ስልክ ሌላ ክፍል ይሁን። መጽሐፉ ይዘጋ።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ «እ» ወይም «ግ» ጻፉ። «እ» እርግጠኛ ነኝ፣ «ግ» ግምት ነው። ይህች ትንሽ ፊደል ከነጥቡ በላይ ታስተምራለች፤ ለምን እንደሆነ አሁን እናያለን።

6. እርማቱ ላይ ነው ፈተናው

መጽሐፉን ክፈቱና እያንዳንዱን መልስ ከጥቅሱ ጋር አስተያዩ። በቃል አታርሙ። ጥቅሱን ከፊትና ከኋላው ካለው ጋር አንብቡ። ሐሳቡን ላገኘ ሁለት ነጥብ፣ ከፊሉን ላገኘ አንድ። ቁጥሩን ስለረሳ ብቻ ማንም አይቀነስበት።

ከዚያ መልሶቹን በአራት ክምር አስቀምጡ። እርግጠኛ ሆናችሁ ያገኛችሁት የእናንተ ነው። ገምታችሁ ያገኛችሁት ገና አልጸናም፤ እንደገና አንብቡት። ገምታችሁ የሳታችሁት አያሳስብም፤ እንደማታውቁ ታውቁ ነበርና ይህ የአላዋቂው ስፍራ ነው፣ ለመማርም ምቹ ነው። እርግጠኛ ሆናችሁ የሳታችሁት ግን ቀይ ምልክት ይደረግበት። ምሳሌ 26፥12 ለራሱ ጠቢብ ከሚመስለው ሰው ይልቅ ለሰነፍ ተስፋ አለው ይላል። ያን ሁሉ ስለ ሰነፍ ከተናገረ በኋላ ነው ይህን የሚለው!

በመጀመሪያው ፈተናዬ አራት ቀይ ምልክት ነበረኝ። አንዱ የጥበብና የስንፍና ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ምሳሌ 9። ጥበብ ሰባት ምሰሶ ያለው ቤት ሠርታ፣ ማዕድ አዘጋጅታ ትጣራለች። ሰነፍ ሴት ደግሞ በቤቷ ደጅ ተቀምጣ ትጣራለች። እኔ ጥሪያቸው የተለያየ ነው ብዬ በእርግጠኝነት ጻፍኩ። ቁጥር 4ንና ቁጥር 16ን አስተያይታችሁ አንብቡ። ቃሉ አንድ ነው! አላዋቂ የሆነ ወደዚህ ይምጣ ነው የሚሉት ሁለቱም። የሚጣሩትም ያንኑ መንገደኛ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ማዕዱ ላይ ሲደርስ ነው፤ አንዷ እንጀራና ወይን፣ ሌላዋ የተሰረቀ ውሃ። መሳሳቴን ሳይ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር «ትርጉሙ ነው የተለየው» ብዬ ሌላ እትም መፈለግ ነበር። ሁለተኛውም እትም ያንኑ አለ። ያን ደቂቃ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

እናንተም ስትታረሙ የተሰማችሁን በአንድ መስመር ጻፉ። ተናደዳችሁ? ሰበብ ፈለጋችሁ? ደስ አላችሁ? ምሳሌ 9፥8 ጠቢብን ብትገሥጸው ይወድሃል ይላል። ነጥብ ሳይሰጠው የሚቀር መስመር ነው፤ ግን ከሃያው ጥያቄ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

7. ቤተሰብ ካለ በእንቆቅልሽ

ልጆች ወረቀት አይወዱም። እንቆቅልሽ ግን ይወዳሉ። ለዚህ ደግሞ የመጽሐፍ ምስክር አለን። የሳባ ንግሥት ወደ ሰሎሞን የመጣችው በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ነው (1ኛ ነገሥት 10፥1)። በእኛ ትውፊት ንግሥተ ሳባ የራሳችን ናትና ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ምን ብላ እንደጠየቀችው መጽሐፉ አይናገርም። እሱን ለልጆቹ ተዉላቸው፤ ራሳቸው ይሙሉት።

አካሄዱ እንደ ድሮው ነው። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» «አለቃ የላትም፣ አዛዥ የላትም፣ በበጋ ትሰበስባለች።» ጉንዳን! «ዝም ካለ ጠቢብ ይመስላል።» ሰነፍ፤ ምሳሌ 17፥28። «ትንሽ ናት፣ ሞታለች፣ ሽቶውን አበላሸች።» ዝንብ፤ መክብብ 10፥1። «ከተማ አዳነ፣ ማንም አላስታወሰውም።» ድሃው ጠቢብ፤ መክብብ 9፥15። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጠያቂውም «አገርህ ገብቼ…» ብሎ ካሞገሰ በኋላ መልሱን ከነጥቅሱ ይነግራል።

አንድ ጥንቃቄ። የሳተን ልጅ «ሰነፍ» ብላችሁ አትጥሩ፤ በጨዋታም ቢሆን። ወንድሙን ደንቆሮ ስለሚል ሰው ጌታ በማቴዎስ 5፥22 የተናገረውን ታውቃላችሁ። ደግሞም መጽሐፉ ሰነፍ የሚለው የሳተውን አይደለም፤ ልጁ አልገባኝም ብሎ ከጠየቀ መንገዱ የጠቢብ ነው።

8. መጽሐፉን የሚገለብጥ ጥያቄ ጨምሩ

ምሳሌን ብቻ ያጠና ሰው 1ኛ ቆሮንቶስ 1 ላይ ሲደርስ ይደናገጣል። ጳውሎስ የመስቀሉ ቃል ለሚጠፉት ሞኝነት ነው ይላል፤ የእግዚአብሔርም ሞኝነት ከሰው ጥበብ ይበልጣል ይላል። ምዕራፍ 3፥18 ላይ ደግሞ ጠቢብ ሊሆን የሚወድ ሞኝ ይሁን ይላል። «ጳውሎስ ከሰሎሞን ጋር ይጋጫል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የምሰጠው መልስ ምሳሌ 3፥7 ላይ ነው፤ በራስህ አስተያየት ጠቢብ አትሁን። ሁለቱም የሚቃወሙት አንድ ሰው ነው። እናንተ ሌላ መልስ ካገኛችሁ ጻፉት፤ ይህ ጥያቄ የደብተሩን ሙሉ ገጽ ይገባዋል።

9. ራሳችሁ ማረም የማትችሉት ጥያቄ

ፈተናውን ከስድስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ቀይ ምልክት ያለባቸውን ጥያቄዎች ቃላቸውን ቀይራችሁ አስገቡ። በመሃሉ አንድ ሳምንት ምሳሌ 18፥13ን ብቻ ያዙ፤ ሳይሰማ የሚመልስ ስንፍና ነው ይላል። ማታ ማታ ቁጭ ብላችሁ ዛሬ ስንት ሰው አቋረጥኩ ብላችሁ በእንጨት እንጨት ምልክት ቁጠሩ። ሌላ ነገር አያስፈልግም።

የመጨረሻዋ ጥያቄ በወረቀት ላይ ተጽፋ ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ለባለቤታችሁ፣ ለእኅታችሁ፣ አብሯችሁ ለሚኖር ጓደኛ። እንዲህ ትላለች፦ «ስህተቴን ስትነግሪኝ ምን አደርጋለሁ?» ሰውየው ወይም ሴትየዋ ሲጽፉ አጠገባቸው አትቀመጡ። ካነበባችሁ በኋላም አታብራሩ።

ባለቤቴ ሦስት መስመር ጻፈችልኝ። «መጀመሪያ ታስረዳኛለህ። ከዚያ ዝም ትላለህ። በሁለተኛው ቀን መጥተህ ልክ ነሽ ትላለህ።» ወረቀቱን ምሳሌ 17፥10 ላይ አስቀመጥኩት፤ ተግሣጽ በአስተዋይ ሰው ልብ ውስጥ መቶ ግርፋት በሰነፍ ላይ ከሚገባው ይልቅ ይገባል የሚለው ላይ። ሁለተኛውን ቀን ወደዚያው ማታ ለማምጣት እየሞከርኩ ነው። ስድስቱ ሳምንት ሲሞላ ያቺኑ ጥያቄ በአዲስ ወረቀት እሰጣታለሁ።